አራት ፔኒ በቀን

የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ፔናይንን በዓይነ ኅሊናው ለመሳል አይቸገርም። ፔናይን በሰሜን እንግሊዝ አገር ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ትልቁ ጫፉ 893 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከ4000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ጮቄ ጋር በቁመት አይተካከልም። ብርዱ፣ ጉሙ፣ ዛፍ የማይታይበት ሣር ምድሩና በሣሩ ላይ የሚውሉት በጎች ግን ለጎጃም ደገኛ እንግዳ አይሆኑበትም። ከዚያ ተራራ ቲስ የሚባል ወንዝ ይነሣል፤ የሚፈስበት ሸለቆ ቲስዴል፣ የላይኛው ሸለቆ ዋና ከተማም ሚድልተን ይባላሉ። እዚህ የምተርከው ከዚያ ሸለቆ ስለወጣ አንድ የሕዝብ ዘፈን ነው። ዘፈኑን የወለደው ከተራራው ሆድ የሚወጣው እርሳስ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

እርሳስ የሚገኘው ጋሌና በሚባል ማዕድን ውስጥ ነው። ጋሌና ሲሰበር ፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ ግራጫ፣ በእጅ ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ድንጋይ ነው። በተራራው ውስጥ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ መካከል እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሮማውያን እንግሊዝን በገዙበት ዘመን እርሳስ ያስቆፍሩ ነበር። በ1130ዎቹ ደግሞ ከቲስዴል ብዙ በማይርቀው በአልስተን አካባቢ ከእርሳሱ ጋር ተደባልቆ የሚገኘው ብር የንጉሥ ገንዘብ መምቻ ሆኖ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የጠመንጃ አረር፣ የቤት ቀለም፣ ሁሉም እርሳስ ይፈልጋል። ስለዚህ ተራራው ለብዙ መቶ ዓመታት እዚህም እዚያም ሲጫር ኖረ።

ጭረቱ ትልቅ ሥራ የሆነው ከ1692 ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። በዚያ ዓመት በለንደን አንድ የእርሳስ ኩባንያ የንጉሥ ቻርተር ተሰጠው፤ በኋላም የለንደን እርሳስ ኩባንያ እየተባለ ታወቀ። ባለቤቶቹ በአብዛኛው ኩዌከር የሚባሉት፣ ጦርነትን የሚጠየፉና በቃላቸው የሚታመኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። ኩባንያው ቀስ በቀስ የሰሜኑን ተራሮች ያዘ፤ በ1815 የሰሜን ሥራውን ማዕከል ሚድልተን ላይ ተከለ። ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ለሠራተኞቹ መኖሪያ ሠራ። ከሌሎቹ የማዕድን ጌቶች ጋር ሲነጻጸር ደግ ነበር ብለው የጻፉለት ብዙዎች ናቸው። ይህን መናገር ተገቢ ነው፤ የዘፈኑ ምሬት የተጻፈው ክፉ በሚባል ጌታ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና። ደግ የተባለው ጌታ ዘንድም የልጅ ጉልበት ዋጋው ያው ነበር።

የማዕድኑን ግድግዳ ለማግኘት ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ዘዴ ነበር። በተራራው አናት ላይ በሣርና በአፈር ግድብ ይሠራሉ፤ ውኃው ሲጠራቀም ግድቡን በአንድ ጊዜ ይንዱታል። ጎርፉ እየተንደረደረ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ አለቱን ገላልጦ ይተወዋል፤ የእርሳሱ ሥር ከታየ ከዚያው ላይ ይቆፍራሉ። ግድቡን ደጋግመው እየሠሩ ደጋግመው ይለቁታል። ከሚድልተን በላይ ኮልድበሪ ገተር የሚባለው ግዙፍ ቦይ ዛሬም ጋራውን ሰንጥቆ ከሩቅ ይታያል። እኛ ጎርፍ አፈራችንን ጠርጎ ዓባይ ሲከተው እያየን የምናዝን ሰዎች፣ ሆን ብሎ ጎርፍ የሚለቅን ሰው ስናስብ መገረማችን አይቀርም።

ላዩ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ተገባ። ቆፋሪዎቹ ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ በየሦስት ወሩ ውል ይዋዋሉ ነበር። አራት ወይም ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች በአንድነት ከኩባንያው ወኪል ፊት ይቀርቡና በአንድ የተወሰነ ስፍራ ለሚያወጡት ማዕድን በቢንግ ይህን ያህል ይከፈለን ብለው ይከራከራሉ። አንድ ቢንግ ወደ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ገንዘቡ ግን ወዲያው አይሰጥም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ይደረጋል። እስከዚያው በየወሩ ከ30 እስከ 40 ሺሊንግ የሚሆን የመቋቋሚያ ብድር ይሰጣቸዋል። ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ከተገኘ በዓመቱ መጨረሻ ተራፊ ይኖራል። ቀጥኖ ከጠፋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ባለዕዳ ሆነው ይወጣሉ። የእኛ ገበሬ ዝናቡን አምኖ ዘሩን እንደሚበትን፣ እነሱም ያላዩትን አለት አምነው ጉልበታቸውን ይበትኑ ነበር።

ከዋሻው የወጣው ድንጋይ ተለቅሞ፣ ተሰባብሮ፣ ታጥቦ ነው ወደ ማቅለጫው የሚሄደው። ይህ ሥራ የልጆች ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆች አጣቢ ተብለው ይቀጠራሉ። ጌታቸው ደረጃ በደረጃ ያሠራቸዋል፤ ድንጋዩን በረጅም መንቆር ወደ ወራጅ ውኃ ይጎትታሉ፣ ትልልቁን በጠፍጣፋ መዶሻ ያደቅቃሉ። ከዚያ የደቀቀውን በወንፊት ሞልተው ውኃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ያስገቡና ረጅም ማንሻ እየጫኑ ወንፊቱን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ከባዱ ጋሌና ወደ ታች ይሰጥማል፣ ቀላሉ ድንጋይ ከላይ ይቀራል፤ የላዩ ተጠርጎ ይጣላል፣ የታቹ ይሰበሰባል። እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይናጣል። እጃቸው ከንጋት እስከ ማታ ከበረዶ ያልተሻለ ውኃ ውስጥ ነው። ብርዱ ሲበረታ ውኃው ስለሚረጋ ሥራው ይቆማል፤ ገቢውም አብሮ ይቆማል።

ደመወዛቸው በቀን አራት ፔኒ ነበር። አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበረ አንድ ልጅ ያንን አንድ ፓውንድ ለማየት 60 ቀን ማጠብ ነበረበት።

ማዕድኑ የሚገኘው ከመንደር ርቆ ስለሆነ አባትም ልጅም ሰኞ ይሄዱና ሳምንቱን እዚያው ተራራው ላይ ያድራሉ። ማደሪያው ሾፕ የሚባል የድንጋይ ቤት ነው፤ ታችኛው ክፍል ምድጃ፣ ላይኛው መኝታ። በአንድ አልጋ ላይ ብዙ ሰው እየተጣበበ ይተኛል፤ እርጥቡ ልብስ በምድጃው ዙሪያ ይሰቀላል፤ መስኮት የሚከፍት የለም። ሰው ሁሉ የሳምንት ስንቁን በከረጢት ተሸክሞ ይመጣል።

ዘፈኑ የበቀለው ከዚህ ኑሮ ነው። ስሙ «አራት ፔኒ በቀን» ይባላል። ግጥሙ የቶማስ ሬን ነው ይባላል፤ እርሱም ራሱ እርሳስ ቆፋሪ፣ በአገሩ የቲስዴል ገጣሚ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። በዘፈኑ የሚናገረው ልጅ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቀሳል። አባቱ ትምህርት ቤት ሊያስገባው አስቦ እንደነበረ፣ ነገር ግን የሚከፍለው እንዳጣ ይናገራል። እናቱ የሳምንቱን ስንቅ ትከሻው ላይ ስታንጠለጥልለት ታለቅሳለች። በመጨረሻም ጌታዬ ልቡ ራርቶ ደመወዜን ቢጨምርልኝ እያለ ይመኛል። ሌላ ነገር የለውም፤ ጀግና አልገደለም፣ ፍቅረኛ አላጣም። የዘፈኑ ኃይል ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ተራ ጠዋት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ተነግሯል።

የእናትየው ስንቅ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። በዚያው ዘመን ከቢቸና ብዙ በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ በዚያው ዕድሜ ያሉ ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ እየለመኑ ይማሩ ነበር። ብርዱ ያው ነው፣ ረኃቡም ቢብስ እንጂ አይተናነስም፤ እናት የምታነባውም ዕንባ አንድ ነው። የሚለየው ልጁ የሚሄድበት ነገር ነው። የዲማው ልጅ ማታ ላይ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲያድግ መሪጌታ ሊሆን ይችላል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። የቲስዴሉ ልጅ ግን ከአጣቢነት የሚያልፈው ወደ ዋሻው ነው። ድህነትን ከድህነት ማበላለጥ አልወድም። ቢሆንም ትምህርት የተነፈገ ልጅ ምሬት ለምን በዘፈን እንደ ወጣ ለመረዳት ይህን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል።

በ1842 የእንግሊዝ መንግሥት የሕፃናትን ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። ዶክተር ጄምስ ሚቸል የተባለ መርማሪ ወደ እርሳስ ተራሮቹ ሄዶ ስለ ማደሪያ ቤቶቹ መጨናነቅና ስለ ቆሻሻቸው፣ ስለ ልጆቹም ሥራ አንድ በአንድ መዘገበ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ቢክ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ጎጃም ነበር። ከዛሬው ደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው የጁቤ ተቀምጦ የባሶን ገበያ ያጠና ነበር፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ፣ ከሰሜን የሚመጣውን አሞሌ ዋጋውን እየጠየቀ ይጽፍ ነበር። በባሶ ገበያ የሰው ልጅ ይሸጥ ነበርና የቢክ ዝርዝር ለእኛ የሚያኮራ አይደለም። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚታየኝ አንድ ጉድለት አለ፤ ሁለቱም ብዙ ነገር መዘገቡ፣ ድንጋይ እያጠበ ወይም ጭነት እየነዳ የሚዘፍነው ሰው ምን ብሎ እንደዘፈነ ግን ከጥያቄያቸው ውስጥ አልገባም።

በ1864 ሌላ ኮሚሽን የብረታ ብረት ማዕድን ቆፋሪዎችን ጤና መረመረ። ያገኘው ቆፋሪው ሁሉ ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀውን ነበር፤ የዋሻው አቧራ ሳንባን ይበላል፣ ሰውየው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። በ1872 የወጣው ሕግ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ከ1880 ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ግዴታ ሆነ።

ሕጉ ከሠራው በላይ ግን ገበያው ሠራ። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስፔን፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ እርሳስ በርካሽ እየጎረፈ ገባ። በቶን 20 ፓውንድ ያህል ያወጣ የነበረው እርሳስ በ1890ዎቹ ከ10 ፓውንድ በታች ወረደ። ዋሻዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ግማሹ ሰው ወደ ደርሃም የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ወረደ፣ ግማሹ ባሕር ተሻገረ። የለንደን እርሳስ ኩባንያም በ1905 ሥራውን ጠቅልሎ ወጣ። ከ1692 ጀምሮ የተጻፈው የሒሳብ መዝገብ የስንት ቢንግ ማዕድን፣ የስንት ፓውንድ ትርፍ መሆኑን ይናገራል።

ዘፈኑ በመዝገቡ ውስጥ የለም። እርሱ የቀረው በጥቂት ሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

በ1947፣ በእኛ 1939 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዘፈን ሰብሳቢው ኢዋን ማኮል ሚድልተን መጣ። ማኮል የሳልፎርድ ልጅ ነው፤ በ1915 ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ሚለር ነው። ከቴያትር ባለሙያዋ ከጆን ሊትልዉድ ጋር ሆኖ ለሠራተኛው መደብ የሚሠራ ቴያትር አቋቁሞ ነበር። ከእርሳሱ ሥራ የተረፉ ሽማግሌዎችን አፈላለገ። ጆን ጋውላንድ የተባለ ጡረታ የወጣ ቆፋሪ «አራት ፔኒ በቀን»ን ሰጠው። ማርክ አንደርሰን የተባለ ሌላ የሚድልተን ቆፋሪ ደግሞ ከእርሳስ ጋር ምንም የማይያያዝ አንድ ጥንታዊ የፍቅር ዘፈን ሰጠው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ማኮል ያደረገው ትልቅ ነገር ዘፈኑን መቅዳቱ ብቻ አይደለም፤ የሰጪዎቹን ስም፣ ሥራና አገር አብሮ መጻፉ ነው። ይህን ስል በእኛ አገር የጎደለውን እያሰብኩ ነው። ከሞተር ወፍጮ በፊት የጎጃም ሴት ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ስትንበረከክ የምታንጎራጉረው ነበራት፤ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ወገቧ ሕመም በሰው ፊት የማትናገረውን ለወፍጮው ትነግረው ነበር። የደቦውና የአውድማው ዘፈንም እንዲሁ፤ ሲራራ ነጋዴ የወደደችው ሴት የምትለውም እንዲሁ። ከፈረንጆች ኢግናጽዮ ጉዊዲ በ1894 የአማርኛ ምሳሌዎችንና ግጥሞችን አሰባስቦ አሳትሟል፤ ከዚያም ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ የቃል ግጥም ተሰብስቧል። ብዙውን ጊዜ ግን ከግጥሙ ሥር የሚገኘው «ከሕዝብ የተገኘ» የሚል ቃል ነው። ሕዝብ አፍ የለውም፤ የተናገረችው አንዲት ሴት ናት፤ ስም ነበራት፣ ቀበሌ ነበራት፣ ከእናቷ ነው ወይስ ከጎረቤቷ የሰማችው የሚለውም መልስ ነበረው። ስሟን ሳይጽፍ ግጥሟን የወሰደ ሰው ግማሹን ትቶ መጥቷል።

በ1954 ማኮል «መወርወሪያና ማውረጃ ሳጥን» ብለን ልንተረጉመው በምንችል ርዕስ የሠራተኛ ዘፈኖችን መድበል አሳተመ። መወርወሪያው የሸማኔው ነው፣ ሳጥኑ ቆፋሪዎችን ወደ ጉድጓድ የሚያወርደው። «አራት ፔኒ በቀን» በዚያ መድበል ወጣ። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢዎች ትኩረት በአብዛኛው እረኛውና አራሹ ላይ ነበር፤ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛው ዘፈን እንደ ዘፈን ብዙም አይቆጠርም ነበር። መድበሉ ያንን አስተሳሰብ ለመለወጥ ረዳ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየከተማው የሕዝብ ዘፈን ክበቦች ሲከፈቱ የአጣቢው ልጅ ዘፈን በወጣቶች አፍ ገባ። ከዘፋኞቹ መካከል ጋሌና በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነበር።

አሁን ወደ ማርክ አንደርሰን ዘፈን። «ስካርቦሮ ፌር» ይባላል፤ ፍቅረኛሞች ለመታረቅ ሊፈጸም የማይችል ሥራ የሚተዛዘዙበት ዘፈን ነው፤ ሥሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከታተመ ጥንታዊ የእንቆቅልሽ ዘፈን ይመዘዛል። ማኮልና በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ፔጊ ሲገር በ1960 ባሳተሙት የዘፈን መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት። ማርቲን ካርቲ የተባለ ወጣት ዘፋኝ ከዚያ ተማረውና ጊታሩን በራሱ መንገድ አበጀለት፤ በ1965 በሸክላ ቀዳው። በዚያን ጊዜ ፖል ሳይመን የተባለ አሜሪካዊ ለንደን ነበር፤ ከካርቲ ሰማው። በ1966 ሳይመንና ጋርፈንክል በአልበማቸው አወጡት። በ1967 መጨረሻ በወጣው «ዘ ግራጁዌት» ፊልም ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያልሰማው አገር ጥቂት ነው። በሸክላው ላይ የካርቲ ስም አልተጻፈም፤ የአንደርሰንም። ካርቲ ለብዙ ዓመት ተቀይሞ ኖረ።

የእርሳስ ቆፋሪው ሽማግሌ በሚድልተን ቤቱ ተቀምጦ የሰጠው ዜማ ዓለምን ሲዞር፣ የአጣቢው ልጅ ዘፈን ደግሞ በአገሩ ሰው ዘንድ እየተዘፈነ ቀረ። የፍቅር ዘፈን ድንበር ይሻገራል፤ የደመወዝ ዘፈን ደግሞ ደመወዙን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በእኔ ሚዛን ሁለተኛው አያንስም።

በ1984 ከቲስዴል አጠገብ ባለው በዊርዴል ሸለቆ፣ ኪልሆፕ የሚባለው የድሮ ማዕድን ቦታ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ማዕድኑን ያደቅቅ የነበረው፣ ቁመቱ አሥር ሜትር የሚሆን የብረት የውኃ መንኮራኩር ተጠግኖ እንደገና ዞረ። ማጠቢያውም ተሰናድቶ ጎብኚዎች ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ ድንጋይ በወንፊት እንዲያጥቡ ተደረገ፤ ፎቁ ላይ የነበረው የቆፋሪዎች መኝታም እንዳለ ለእይታ ቀረበ። በ2000 ፖል ሳይመን ለንደን ላይ ኮንሰርት ሲያቀርብ ማርቲን ካርቲን ወደ መድረክ ጠራው፤ «ስካርቦሮ ፌር»ን አብረው ዘፈኑ፤ ታረቁም። ዛሬ የዚህን ዘፈን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የማርክ አንደርሰንን ስም ይጠቅሳል፤ «አራት ፔኒ በቀን»ን የሚያሳትምም ብዙ ጊዜ የጆን ጋውላንድን ስም ከግጥሙ ጋር ያስቀምጣል፤ ሥራውንም ይጨምርበታል፤ ጡረታ የወጣ እርሳስ ቆፋሪ፣ ሚድልተን፣ ቲስዴል።